ቁልቁለቱን በፎሌ

መስከረም 13 ቀን 1978

ዛሬም የሞተር ሳይክሌ ካቴና ወጣ። ከሁሩሙ ስመለስ፣ ድልድዩን አልፌ ዳገቱ ላይ። ጭቃ ውስጥ ተንበርክኬ መለስኩት። እስከ ዛሬ ቅባቱ የቀኝ እግሬን ሱሪ ብቻ ነበር የሚይዘው፤ አሁን ግራውንም ያዘ። ተሻለች ሱሪውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ «ይሄ ሱሪ ነው ልትለኝ ነው?» አለች። ሚስት እንዲህ ስትል ከኋላው ሌላ የምትለው ነገር አለ። ጠበቅኩ። አላለችም።

ሞተሩን ሙሐዲን ጋራዥ አደረስኩት። «ተለጥጧል» አለና ከካቴናው አንድ ዘለበት ቀነሰለት። ባለፈውም ቀንሶ ነበር። ከዚያ በፊትም። አዲስ ካቴና ግዛልኝ ስለው ሁልጊዜ «የለም» ነው መልሱ። እነዚህ የሚቀነሱት ዘለበቶችስ የት ነው የሚገቡት? ለሌላ ሰው ካቴና እየሠራባቸው እንደሆነስ? ብጠይቀው ሳቀ። ሳቁን አልወደድኩትም።

ለማንኛውም ጠዋት ከሶር ወንዝ ማዶ ወዳለው ቀበሌ ያደረግኩት ጉዞ ደህና ነበር። ቤንዚን በኩፖን ከሆነ ወዲህ ቁልቁለት ባገኘሁ ቁጥር ሞተሩን አጥፍቼ፣ ማርሹን ፎሌ አድርጌ ነው የምወርደው። ከጫፉ እስከ ታች አንዲት ጠብታ ሳላቃጥል። ታች ስደርስ ሰዉ ሁሉ በየደጃፉ ቆሞ ይጠብቀኛል። አደ ዲንቄ የሚባሉት እናትማ ውሃ በቅል ይዘው ነው የሚወጡት። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይወጡ ቀርተው አያውቁም። የወባ ሠራተኛን፣ ያውም ለደም ምርመራ ጣት እየወጋ የሚዞረውን፣ እንዲህ የሚወድ ሕዝብ የት ይገኛል? ፍስሐ ከእኔ ጋር እኩል ተቀጥሮ የሚቀበለው ውሻ ነው።

መስከረም 20

አለቃችን አቶ ወልደ የሱስ አስጠሩኝ። «ያ የውጭ አገር ሰዎቹ ትተውት የሄዱት ሞተር ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው» አሉኝ።

ዓመት ሙሉ መጋዘን ውስጥ ሸራ ለብሶ የቆመው። ባለሻፍቱ። ካቴና የለውም። ከሞተሩ እስከ ኋላ ጎማ የሚደርስ የብረት ዘንግ ነው የሚያዞረው፤ ዘንጉም ቱቦ ውስጥ ተዘግቷል፣ ጭቃ አይነካው፣ ሱሪ አይነካው።

ለምን ለእኔ? በአገልግሎት የሚበልጡኝ ሞልተዋል። አቶ ወልደ የሱስ ለሰው ሻይ ሲጋብዙ እንኳ አይቼ አላውቅም። «ምን ሠርቼ ነው?» አልኳቸው። «ሥራህን አይተን ነው።» ማን ነው ያየው? የብሔራዊ ውትድርና መልማይ ኮሚቴ ውስጥ ከገቡ ወዲህ «አይተን»፣ «ሰምተን» ሆኗል አነጋገራቸው።

አሮጌው ለፍስሐ ተሰጠ። ፍስሐ ቅር ያለው መሰለ። ወይስ ቅር ያለው ለመምሰል ነው?

መስከረም 21

ሙሐዲን አዲሱን ሞተር ዙሪያውን ዞረው። አልነካውም። ለቅሶ ቤት የመጣ ይመስል እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ።

«ምነው?» አልኩት።

«ምንም። ያምራል።»

«ታዲያ ፊትህን ምን አጠቆረው?»

«ካቴና ሲያመው ይናገራል ጥሩሰው። ይላላል፣ ይንቋቋል፣ ይወጣል። አንተም ትሰድበዋለህ፣ በምስማርም በሽቦም አስረኸው ቤትህ ትገባለህ። ይሄኛው ጨዋ ነው። እየሞተ ደህና ነኝ የሚል ዓይነት። የሞተ ቀን ደግሞ መለዋወጫውን ከየት ልታመጣ ነው? ሰዎቹ አገራቸው ገብተዋል።»

«ግራሶ አይፈልግ፣ መወጠር አይፈልግ...»

«ማነው አይፈልግም ያለህ?»

ኋላ ጎማው መሃል ላይ ያለውን ድፍን ብረት በጣቱ ጠረገና አሳየኝ። ዘይት። ላብ ያህል ብቻ። «እዚህ ጋ ያልበዋል። በየሳምንቱ ክፈትና እይ። ሲጎድል ሙላ። አለዚያ ውስጡ ያሉት ጥርሶች እርስ በርስ ይበላላሉ፣ ቱቦው ስለሚሸፍነው ጆሮህ አይሰማም።»

ደንበኛ ሊቀርበት ስለሆነ ነው ወይስ እውነቱን ነው? ዘይቱን ግን ገዛሁ።

መስከረም 27

ግራ ገብቶኛል።

ሶር ማዶ ወረድኩ። እንደ ልማዴ ጫፉ ላይ ሞተሩን አጠፋሁ፣ ፎሌ አደረግኩ፣ ለቀቅኩት። ጉድ ነው! ምንም ድምፅ የለም። ነፋሱ ብቻ። የፏፏቴው ድምፅ ከሩቅ ይሰማኛል፤ ሦስት ዓመት በዚያ መንገድ ስወርድ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ደስ አለኝ።

ታች ስደርስ ማንም የለም። በየደጃፉ ዶሮ ብቻ። የመጀመሪያው ቤት በር ላይ ስቆም ውስጥ ያሉት ወሬያቸውን ቀጥ አደረጉ፤ በጓሮ በኩል አንድ ጎረምሳ የቡናውን አጥር ዘሎ ሮጠ። አደ ዲንቄ ቤት ስገባ የያዙትን ሳህን ለቀቁት። ሌላ ጊዜ ገና ከሩቅ «አከም ጅርቱ ኦቦ ጥሩሰው!» ብለው በኦሮምኛ ሰላም የሚሉኝ ሴትዮ ዛሬ አፋቸው ተያዘ። ውሃም የለ። እሳቸውና ሴት ልጃቸው ብቻ ናቸው እዚያ ቤት የሚያድሩት። እኔው ራሴ ነኝ መዝግቤ በሩ ላይ ቁጥር የጻፍኩት። ከመደቡ ሥር ግን ትልቅ የወንድ ጫማ፣ ጭቃው ያልደረቀ።

«የማን ነው?» አልኳቸው፣ ለወሬ ያህል።

«የባለቤቴ» አሉ።

ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። እኔ ነኝ እንዴ የማላውቀው?

ምን አደረግኳቸው? ስሜን ያጠፋው ማነው? ፍስሐ ይሆን? ሞተሩ ስለተሰጠኝ?

መስከረም 28

አቶ ወልደ የሱስ ኮሪደር ላይ አገኙኝ። «ሞተሩ እንዴት ነው?» ዝምተኛ ነው አልኳቸው። «እሱማ ነው» አሉ።

ነገሩን ለማሳመር ብዬ «እንዲያውም አንዱ ጎረምሳ ድንገት ሲያየኝ ጅብ የመጣ መስሎት አጥር ዘሎ ጠፋ» አልኳቸው። ስቄ። እሳቸው አልሳቁም።

«የት ቀበሌ?»

«ሶር ማዶ።»

ለምን ጠየቁኝ? ለምንስ መለስኩላቸው?

ጥቅምት 2

መልማዮቹ ትናንት በማለዳ ሶር ማዶ ወረዱ አሉ። ያን አጥር የዘለለውን ልጅ ከነወንድሙ ወሰዷቸው። ተሻለች ናት ከገበያ ሰምታ የነገረችኝ። ሽንኩርት እየላጠች፣ ቀና ሳትል፣ «አንተ በቀደም እዚያ ነበርክ አይደል?» አለችኝ።

ነበርኩ። ታዲያ? ኮታ አለ፣ ከየቀበሌው መውሰዳቸው አይቀርም፣ የእኔን ቀልድ ምን ብለው ይጠብቃሉ... ይህን ለራሴ ስደጋግም ዋልኩ። አልቀለለኝም። የልጁን ስም እንኳ አላውቀውም።

ተሻለችም ትጠረጥረኛለች። የዓይኗ አስተያየት ተለውጧል።

ጥቅምት 4

ሁሩሙ። ሻይ ቤት ስገባ ወሬው ቆመ። ሻይ አዘዝኩ፤ መጣልኝ፤ ቀዝቃዛ ነው። ሆን ብለው ይሆን? ከጎኔ የነበረው ሽማግሌ በኦሮምኛ አንድ ነገር ብሎ ተነሣ። «ዝም ብሎ የሚመጣ» ያለ መሰለኝ። ስለ ሞተሩ ነው ስለ እኔ?

ጥቅምት 11

ዛሬ የገባኝን ነገር ሳልረሳው ልጻፍ።

ሶር ማዶ ደግሜ ወረድኩ፣ ያለ ድምፅ፣ በፎሌ። አደ ዲንቄ ቤት በሩ ገርበብ ብሏል። ገባሁ። ከመጋረጃው ኋላ ጥርስ ሲንቀጫቀጭ ይሰማል። የወባ ብርድ መሆኑን ለማወቅ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። መጋረጃውን ገለጥኩት። ሃያ ዓመት የሚሆነው ልጅ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ ይንቀጠቀጣል። ዓይኑን ሲከፍትና ሲያየኝ ሊነሣ ሞከረ። አቃተው።

አደ ዲንቄ እግሬ ላይ ወደቁ። «ማሎ! ማሎ ኦቦ ጥሩሰው! ታላቁን ወስደውብኛል፣ ከሄደ ወሬው የለም። የቀረኝ ወንድ ልጅ ኩማ ብቻ ነው። አላየሁም በሉልኝ!»

«ይነሡ እንጂ! እኔ የወባ ሰው ነኝ» አልኳቸው። ክኒኑን ሰጠሁ። ደም አልወሰድኩም፤ ደም ከወሰድኩ ስም ልጽፍ ነው። አወሳሰዱን እየነገርኳቸው ሳለ ከላይ፣ ከዳገቱ ጫፍ፣ ድምፅ መጣ።

ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ...

የእኔው አሮጌ ሞተር። የላላው ካቴና መሸፈኛ ቆርቆሮውን እየመታ። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ፎሌ ነው፤ ካቴናው ግን ጎማው እስከዞረ ድረስ ይዞራል፤ ሸለቆውን ሁሉ ሞልቶታል። አደ ዲንቄ ቃላቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። ልጅቷ ምንም ሳትባል ምንጣፉን ጠቀለለች፣ ሳህኑን ከደነች፣ ጫማውን በአመድ ቅርጫት ከተተች። እናትና ልጅ ኩማን ብብቱን ይዘው በጓሮ ወደ ቡናው ውስጥ ወሰዱት። በግድግዳው ስንጥቅ አየሁ። ጎረቤቱም እንደዚያው። አንዱ የአረቄውን ገንቦ ይቀብራል። አንዷ ወደ ጥቁር ገበያ የሚሄድ የቡና ጆንያ እየጎተተች ታስገባለች። ማንም አይጮህም፣ ማንም አይጋጭም። ከዚያ ሁሉም እጁን እያራገፈ በየደጃፉ ወጥቶ ቆመ። አደ ዲንቄ ውሃ በቅል ቀድተው ወጡ። ፊታቸው ላይ ያን የማውቀውን ፈገግታ አደረጉት።

ፍስሐ ደረሰ። እኔን ሲያየኝ ደረቱን ነፋ። «አየህ እንዴት እንደሚወዱኝ? እዚህ ስላክ ገና ሁለተኛ ቀኔ እኮ ነው!»

ሦስት ዓመት። ቤንዚን ቆጥቤ፣ ድምፄን አጥፍቼ የምደርስ መስሎኝ፣ ያ ካቴና ከጫፍ ጀምሮ «መጣላችሁ» እያለ ነበር። እነሱም ሲወጡልኝ የኖሩት ሊቀበሉኝ ሳይሆን ከደጅ ሊመልሱኝ ነው። ተናደድኩ። ደግሞ አፈርኩ። መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ከዚያ ያ የተወሰደው ልጅ ትዝ አለኝ። ባለካቴናውን ይዤ ቢሆን ኖሮ አጥር ሲዘል አላየውም ነበር።

ጥቅምት 15

«ሰኞ ሶር ማዶ አብሬህ እወርዳለሁ» አሉኝ አቶ ወልደ የሱስ። «ሥራህን ልጎብኝ። ሁለት ሰው ይችላል አይደል?»

«ይችላል ጓድ።»

«ጫፉ ላይ ሞተሩን አጥፋው። ቤንዚን እንቆጥባለን።» ይህን ሲሉ ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር። ጨመሩና «እስከዚያ ሞተሩ ግቢ ይደር፣ ቁልፉን ለዘበኛው ስጠው» አሉ።

ቤንዚን! ከመቼ ወዲህ ነው እሳቸው ለቤንዚን የሚያስቡት? ሞተሩ የተሰጠኝም ለዚሁ ነው... አይደለም? እንጃ። ኩማ ገና በእግሩ አይቆምም። ድንገት ከደረስንበት ያዙት ማለት ነው። በእግሬ ሄጄ ልንገራቸው? ያዩኛል። ሰው ልላክ? ማንን? ደግሞ ከዚያ ሁሉ በኋላ እኔን ማን ያምነኛል፣ ወጥመድ ነው ይላሉ። እኔም ብሆን አላምንም። ይህን ገጽ ልቅደደው ይሆን?

ጥቅምት 16

ሙሐዲን ዘንድ ሄድኩ። «ባለሻፍቱን አሳምልኝ። ሰኞ እንዳይነሣ።»

መፍቻውን አስቀመጠ። «ማን ላከህ?»

«ማንም።»

«ማን ላከህ ጥሩሰው?»

ለካ የሚጠረጥረው እኔ ብቻ አይደለሁም። እሱም እንደ እኔ ፈርቷል። ነገርኩት። ሁሉንም አይደለም፤ ሰኞ ማን ከኋላዬ እንደሚቀመጥና የት እንደምንወርድ ብቻ።

«ጤነኛ ሞተር አላሳምምም። የምኖረው በዚህ እጄ ነው» አለ። ተስፋ ቆርጬ ልወጣ ስል ጓዳ ገብቶ የወተት ጣሳ ይዞ መጣ። «እንካ። ያንተ ናቸው። ለሌላ ሰው ካቴና ሠራባቸው ብለህ ስታማኝ የነበሩት።» ነቀነቃቸው።

ቀጭ ቀጭ ቀጭ።

ከካቴናዬ የተቀነሱት ዘለበቶች። አንድም አልጠፋም።

«አዲስ ካቴናም ነበረኝ» አለ፣ ጣሳውን እያየ። «የሶር ማዶ ሰዎች ለምነውኝ ነው የተውኩት። አንዲት እናት 'የዚያን ሰውዬ ካቴና እንዳትቀይርበት' ብላ ማር ይዛልኝ መጥታለች።»

ሦስት ዓመት ጭቃ ውስጥ የተንበረከክኩት በማር ነው! ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። ጣሳውን ብቻ ተቀበልኩ።

ጥቅምት 18

ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ጣሳውን ጠዋት የሞተሩ መፍቻ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። አቶ ወልደ የሱስ ከኋላዬ ተቀመጡ። ጫፉ ላይ «አጥፋው» አሉ። አጠፋሁ። ፎሌ። ለቀቅኩት። በመንገዱ ላይ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ አንድ በአንድ እየመረጥኩ ገባሁበት። ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ...

«ምንድነው የሚንቋቋው?»

«መፍቻ ነው ጓድ!» ጮክ ብዬ። መጮኼም ለነገሩ ይጠቅማል።

«አቁመው።»

«ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ቶሎ አይዝም...»

«አቁም አልኩህ!»

ግማሹን ከወረድን በኋላ ቆምኩ። ሣጥኑን ራሳቸው ከፈቱት። ጣሳውን አወጡ፣ ክዳኑን አነሡ፣ አንድ ዘለበት በሁለት ጣታቸው ያዙ።

«ይሄ ሞተር ካቴና የለውም።»

«የለውም ጓድ። ለፍስሐ ነው። መንገድ ላይ ይበጠስበታል።»

ጣሳውን እንዳለ ገደሉ ውስጥ ወረወሩት። የቀረውን መንገድ በዝምታ ወረድን። ዘለበቶቹ እንደተሰሙ፣ እንዳልተሰሙ አላውቅም። ፏፏቴው ብቻ ይሰማኛል።

ታች ስንደርስ ሰዉ ሁሉ በየደጃፉ ቆሟል።

አደ ዲንቄ ቅሉን ይዘው ቀረቡ። አቶ ወልደ የሱስ ጠጡ። ቤት ገብተው መጋረጃውን ገለጡ፣ ከመደቡ ሥር አጎንብሰው አዩ። ምንም። ወደ መቱ ተመለስን። ግቢ ስንደርስ «ነገ ሞተሩን አስረክብ» አሉኝ። ሌላ ምን ሊያደርጉኝ ይሆን?

ጥቅምት 19

አስረከብኩ። ራሳቸው ሊነዱት ነው። «ምን ምን ይፈልጋል?» አሉኝ።

«ካቴና የለው፣ መወጠር የለው።»

«ምንም አይፈልግም በለኛ!»

ይህን ያሉት እሳቸው ናቸው። ስለ ዘይቱ አልጠየቁኝም። አልተናገርኩም።

ፍስሐ ቢስክሌት ተሰጠው። ባለካቴናው ወደ እኔ ተመለሰ። ሙሐዲን «አንድ ዘለበት ልቀንስልህ?» ብሎ ቀለደ።

ጥቅምት 25

ሶር ማዶ። ቀጭ ቀጭ እያልኩ ወረድኩ። ሁሉም በየደጃፉ። ፈገግታ። ውሃ በቅል።

«አደ ዲንቄ» አልኳቸው ቀስ ብዬ፣ «ይህን ሞተር ከእንግዲህ ከእኔ በቀር ማንም አይነዳውም። ድምፁን ከሰማችሁ እኔ ነኝ።» «እሺ» አሉ። ዓይናቸው ግን እሺ አላለም። ለኩማ የሚሆን ክኒን ደጃፉ ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ። ልጁን አላየሁትም። ከፍቶኝ ነው ቤቴ የገባሁት። ይገባኝ ይሆናል፣ ቢሆንም ከፋኝ።

ኅዳር 6

አቶ ወልደ የሱስ ከዳሪሙ ቡና በጫነ መኪና ተመለሱ። ሞተሩ ጆንያው ላይ ተጋድሟል። የኋላ ጎማው ድርቅ ብሎ አልዞርም ብሏል። ሙሐዲን ሲፈታው ውስጡ ያሉት ጥርሶች ተበላልተው ዱቄት ሆነዋል፤ ዘይት የሚባል የለም። መለዋወጫ እንደማይገኝ ነገራቸው። ተመልሶ ሸራው ሥር ገባ።

«ምንም አልነገርከኝም» አሉኝ፣ ሁሉ ሰው እየሰማ።

«ምን ልንገርዎት ጓድ? ድምፅ የለውም እኮ።»

«እናያለን» አሉ። እናያለን። ከአሁን በኋላ የሚከፈት በር ባየሁ ቁጥር እሳቸው የላኩት ሰው ሊመስለኝ ነው። ተሻለች ነገሩን ስነግራት እንደመሳቅ አለች። ከሳቀችልኝ ብዙ ጊዜዋ ነበር።

ኅዳር 9

ሶር ማዶ ወረድኩ። ጫፉ ላይ ሞተሩን አጠፋሁ። ካቴናው እንደ ልማዱ ሸለቆውን አናጋው። ከሩቅ ደጃፎቹን አየሁ።

ማንም አልወጣም።

መጥተው ወስደዋቸዋል? ደርሰው ይሆን አቶ ወልደ የሱስ፣ ሌሊት በእግራቸው? ወይስ እኔ ሳላውቅ... ሞተሩን ጣል አድርጌ ሮጥኩ።

አረቄው በየጓሮው እየጨሰ ነው። ጆንያው ደጅ ላይ ተከምሯል። ኩማ እናቱ በር ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በቆሎ ይግጣል። አየኝ። አልተነሣም። በእጁ «ግባ» አለኝ፣ አፉ ሞልቶ ስለነበር።

አደ ዲንቄ ከውስጥ፣ ፊታቸውን እንኳ ወደ እኔ ሳያዞሩ፣ «ኦቦ ጥሩሰው፣ እጄ ሊጥ ነው። ውሃው እንስራው ውስጥ ነው፣ ቀድታችሁ ጠጡ» አሉኝ።

ቀድቼ ጠጣሁ።